መናኸሪያ የመሰለኝ ቃል

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሳራ እዚህ ውጭ አገር፣ ካስልሪጅ የሚባል ሰፈር ያለው ቤቴ መጥታ ሶፋው ላይ ተጋድማ የፈረንሳይ ፊልም ከፈተች። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱን የማይድን በሽታ ይዞታል፣ ሌላው ያስታምመዋል። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ፈረንሳይኛው አይገባኝም፣ ከሥር የሚያልፈውን እንግሊዝኛ ግን አነባለሁ። ሐኪሙ ሲናገር ያቺ ቃል መጣች፤ «ተርሚናል»። ቢላውን አስቀመጥኩ።

«እማማ፣ ቱ ሳድ ነው አይደል? ስኪፕ ላድርገው?»

«ተዪው፣ ይሂድ» አልኳት።

ቃሏን መጀመሪያ ያየኋት ደሴ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከቤታችን እንግሊዝኛ የማነብ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከሁለቱ ወንድሞቼ ታናሹ አስፋው የመንገድ ሥራ ሾፌር ነበር፤ ሆዱ አብጦ፣ ሰውነቱ ከስቶ አልጋ ከያዘ ሁለት ወር ሆኖታል። ታላቁ ታደሰ አያናግረውም። አባታችን ሲቀበር አስፋው ከሥራ ቦታው አልደረሰም፤ ታደሰ ይህን አልረሳለትም። በየጠዋቱ ይመጣል፣ በር ላይ ቆሞ እናታችንን «እንዴት አደረ?» ይላል፣ ይሄዳል።

በዚያ ዘመን ሕመሙ ለበሽተኛው አይነገርም፤ ሐኪሙ ወረቀቱን ለቤተሰብ ጽፎ ሰጠ። መሀሉ ላይ «ተርሚናል» ይላል። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፤ መጀመሪያ ያገኘሁት ፍቺ የአውቶቡስ መናኸሪያ የሚል ነበር። ሁለተኛውን አላነበብኩም። በተማሪነቴ እኮራ ስለነበር እርግጠኛ አይደለሁም ማለትም አልወደድኩም። አውቶቡስ አሳፍራችሁ አዲስ አበባ ውሰዱት ይላል ብዬ ለታደሰ አፌን ሞልቼ ነገርኩት።

እናቴ «ልጄ ከቤቴ አይወጣም» አለች።

«የሐኪም ትእዛዝ ነው፣ እማዬ» አለና ታደሰ ሦስት ትኬት ቆረጠ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ።

ሐምሌ ነበር። ታደሰ አስፋውን ተሸክሞ አውቶቡሱ ውስጥ አስገባው፣ መስኮት ጋ አስቀምጦት አጠገቡ ተቀመጠ። እስከ ሸዋ ሮቢት አንድ ቃል አልተነጋገሩም። እዚያ ታደሰ ብርቱካን ሊገዛ ሲወርድ አስፋው ወደ እኔ ዞረ።

«ፕሮፌሰሯ፣ ያቺን ወረቀት እስቲ እንዳለች አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። «ተርሚናል» ስል እጁን አነሳ።

«እሱ ምን ማለት ነው አልሽ?»

«መናኸሪያ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። «ፈረንጁ አለቃችን ስለ ሟች ሚስቱ ሲያወራ ሰምቻታለሁ። የማይድን ማለት ነው።»

«እንመለስ። ለወንድም ጋሼ ልንገረው።»

«አፍሽን ያዢ። ከአባባ ቀብር ወዲህ አጠገቤ ሲቀመጥ ገና ዛሬ ነው።»

ታደሰ ተመለሰ። ብርቱካኑን ልጦ አንድ አንድ ፍልቃቂ አጎረሰው። «ቀስ በል፣ ማን ይቀማሃል?» ይለዋል። ጣርማ በር ላይ ጉም ዋጠን። አውቶቡሱ የብርቱካን ልጣጭና የረጠበ ጋቢ ይሸት ነበር። አስፋው የታደሰ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ ታደሰ አዲስ አበባ እስክንገባ ትከሻውን አላነቃነቀም።

አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች ዘግይታችኋል ብቻ አሉን። አስፋው በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት እናታችን ለቀብሩ አልደረሰችም። እስክትሞት ድረስ «ልጄን ከአልጋው አንስቶ ያንከራተተብኝ ታደሰ ነው» ትል ነበር። ታደሰ አንድ ቀን አልመለሰላትም። እኔም አልተናገርኩም።

ታደሰ ዛሬ ከእኔ ብዙም ሳይርቅ፣ ቸስተርሚር በምትባል ከተማ ልጁ ጋ ነው የሚኖረው። ከፊልሙ ማግስት ሳራ በመኪናዋ ወሰደችኝ። በረዶ የሆነውን ሐይቅ በመስኮት እያየ ተቀምጧል። ወረቀቱንም፣ መዝገበ ቃላቱንም፣ ሸዋ ሮቢትንም ነገርኩት።

«ስለዚህ ብርቱካኑን ሲበላ ያውቅ ነበር» አለ።

«ያውቅ ነበር፣ ወንድም ጋሼ።»

«ሁሉንም ነው የበላው።»

ከዚያ መንገዱ ሳይጨልምብን እንድንሄድ ነገረን።

መኪና ውስጥ ሳራ «እሱ ተቆጣሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አልተቆጣኝም» አልኳት። ደክሞኝ ስለነበር ሌላ አልጨመርኩም። ይህን ሁሉ ዓመት የደበቅኩት የራሴን ስህተት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አስፋው ሁሉን እያወቀ ከወንድሙ እጅ የበላውን ያን ብርቱካን ግን ከታደሰ መደበቅ አልነበረብኝም።