ገብስ የሚተነፍስበት ጉድጓድ

ከደብረ ማርቆስ የወጣሁት ግንቦት ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ገና ጀንበር ሳትወጣ ነው። የጉዞዬ ምክንያት ለጎረቤት የሚነገር አልነበረም። ደብረ ኤልያስ አጠገብ የተዳረችው እህቴ ጥሩዬ፣ «ባሌ ትከሻውን ተመትቶ ቤት ተኝቷል፤ ቁስሉ መሽተት ጀምሯል» ብላ በገበያተኛ ልካብኝ ነበር። ባሏ ሙሉ ይባላል፤ አርበኛ ነው። እኔ ደግሞ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በሐኪም ቤት ቁስል አጥብ ነበር። አዮዲንና ፋሻ ከበርበሬ ስልቻ ሥር ቀብሬ ተነሣሁ።

ጨሞጋ መሻገሪያ

ወንዙ ላይ የጣሊያን ዘብ ቆሟል። አስተርጓሚው የይለፍ ወረቀቴን ገልበጥ አድርጎ አየ።

«ወዴት ነህ?»

«እህቴ ዘንድ ነው ጌታው። አማቷ ታመው ልጠይቅ።»

እጁን ስልቻው ውስጥ እስከ ክንዱ ሰደደው። ጥቂት ቢገፋ ጠርሙሱን ያገኘዋል፤ ከተገኘ ደግሞ ስቅላት ነው። በርበሬው ግን አፍንጫው ገባና ደጋግሞ አስነጠሰው። «ጥፋ ከዚህ!» አለኝ ዓይኑን እየጠራረገ።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ጭር ያለ ነው። ማሳው ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል፤ ሁለት መንደር ተቃጥሎ አመዱ ብቻ ቀርቷል። ቆሎ እየቆረጠምኩ ሄጄ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ከቆሎ ተማሪዎች ጋር አደርኩ።

እሑድ፣ ስድስት ሰዓት

«ወንድምዓለም፣ በሕይወት መጣህልኝ!» ብላ ጥሩዬ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የሙሉን ቁስል አጥቤ ፋሻውን ጠቅልዬ ሳልጨርስ ከጋራው ማዶ ተኩስ ተሰማ። የጎረቤት ሴት ከአጥር ውጭ፣ «ባንዳ መጣ! ወዲህ እየወጡ ነው!» ብላ ጮኸች።

የሙሉ አባት አያ አድማሱ ብድግ አሉ። «ልጄን ገብሱ ጉድጓድ ውስጥ እንከተውና የጉድጓዱን አፍ በአፈር እንድፈነው» አሉ። ጉድጓዱ እህል ከዘራፊ ለመደበቅ ከጓሮ የተቆፈረ ነው። ጥልቀቱ የሁለት ሰው ቁመት ከግማሽ ይሆናል፤ እስከ ግማሹ ድረስ እርጥበት የነካው ገብስ አለበት፤ ከጥር ወዲህ አልተከፈተም።

ሐኪም ቤት ሳለሁ አለቃዬ የነበረው ሐኪም፣ እህልም እንደ ሰው እንደሚተነፍስ ነግሮኝ ነበር። መልካሙን አየር ይስባል፣ ክፉውን ያወጣል፤ ክፉው ከባድ ስለሆነ ከጉድጓዱ ሥር ይተኛል፤ የገባበትን ያፍናል። ነገሩ ምላሴ ላይ ደርሷል። ግን እንግዳ ነኝ፤ ሽማግሌን በልጃቸው ፊት «ተሳስተዋል» ማለት ከበደኝ። ዋጥኩት።

«መጀመሪያ እኔ ወርጄ ላደላድልለት» ብለው አያ አድማሱ ክዳኑን አንሥተው ወረዱ።

ራሳቸው ከመሬት በታች ሲሆን፣ «አያ አድማሱ፣ ይውጡ!» አልኩ። ገብሱ ላይ ሲወድቁ ሰማን።

ሙሉ ሊዘል ሲል ደህናውን ክንዱን ያዝኩት።

«ልቀቀኝ፣ አባቴ ነው!»

«አየሩ ነው የጣላቸው! አንተም ከገባህ አትወጣም። ገመድ አምጡ!»

ወገቤን አስሬ፣ አየር በደረቴ ሞልቼ፣ አፌን ገጥሜ ወረድኩ። ሽማግሌው ከበዱኝ፤ ክንዳቸው ከእጄ አመለጠኝ። ደረቴ ሊፈነዳ፣ ጆሮዬ ሊጮህ ሲጀምር ተስቤ ወጣሁ። ጥሩዬ «ተወው፣ አንተንም ልጣ?» ብላ አለቀሰች። ሦስት ጊዜ ተንፍሼ ተመለስኩ። በሁለተኛው መውረዴ ሌላ ገመድ ከብብታቸው ሥር አሳለፍኩና ተረባርበን አወጣናቸው።

ትንፋሽ የለም። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። በሆዳቸው አስተኝቼ ጀርባቸውን እጫን እለቅ ጀመር። ስጫን አየሩ ይወጣል፣ ስለቅ ይገባል።

«ሙሉ፣ ወደ ገደሉ ውረድ!»

«አባቴን ጥዬ?»

«እሳቸውን ለእኔ ተው!»

ጥሩዬ እየጎተተች ከጓሮው በታች ባለው የገደሉ ቁጥቋጦ ውስጥ ይዛው ገባች። ብቻዬን ቀረሁ። ስጫን፣ ስለቅ፤ እጄ ዛለ። ተስፋ ልቆርጥ ስል ሽማግሌው በኃይል ሳሉ።

ባንዶቹ የደረሱት ያኔ ነው። «የታመሙ ናቸው» አልኳቸው። ቤቱን በረበሩ፣ ሁለት ዶሮ ወሰዱ። አንደኛው ክብሪት ጭሮ ጉድጓዱ ውስጥ እጁን ሲሰድ እሳቱ ድርግም አለ። ሌላ ቢጭርም ጠፋ። አማተበና ወደ ኋላ አለ። ብዙም ሳይቆዩ ሄዱ። ሙሉም ሲመሽ ከገደሉ ወጣ።

መመለሻ

ሁለት ቀን ቆይቼ የሙሉ ቁስል ሲጠራ ለመንገድ ተነሣሁ። አያ አድማሱ በምርኩዝ እስከ አጥሩ ሸኙኝ።

«ልጄን በገዛ እጄ ልቀብረው ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «አንተ አየሩን ታውቅ ኖሯል?»

«አዎ፣ አያ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እሳቸውም ግንባሬን ስመው አሰናበቱኝ።

ሐሙስ ማታ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ባለቤቴ «ደህና ገባህ?» ስትለኝ «ደህና» አልኳት፤ ሌላውን የነገርኳት ሰንብቼ ነው። ስለ እህልና ስለ አየር ከዚህ ጉዞ የተማርኩት የለም፤ አስቀድሜ አውቀው ነበር። የተማርኩት፣ አክብሮት መስሎኝ የዋጥኩት ቃል የአንድ ሽማግሌን ትንፋሽ ሊያስከፍል እንደነበረ ነው። «አይውረዱ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።