አመድ የለበሰው ፍም ስም

ልጅ ሳለሁ፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረው ቤታችን፣ ተረት የምሰማው ከአባቴ ታላቅ ወንድም ከመሪጌታ ነበር። ያኔ አመሻሽ ላይ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ደጁን ሲሞላው በሩ ይዘጋል፤ የአስታ እንጨት ይቀጣጠላል፤ እሳቸውም አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው በግዕዝ ያነበቡትን ታሪክ ወደ አማርኛ እየመለሱ ያወሩልናል። ጭሱ እያስለቀሰንም የሚነሣ አልነበረም።

መሪጌታ የአንድ ደብር መጽሐፍ ይዘው የሚኮፈሱ ሰው አልነበሩም። ያላዩት መጽሐፍ አለ ከተባለ ጃናሞራ ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ። በመንገዳቸውም ከበቅሎ ነጂው፣ ከአልቃሿም ቃል ይለቅማሉ። አዘውትረው የሚሄዱት ግን ከወንዙ ማዶ ወደነበረችው ቤተ እስራኤላዊት ሸክላ ሠሪ፣ ወደ እትዬ ብርቄ ነበር። ሰው ቡዳ ናት እያለ ይሸሻታል። እኔም እሸሻት ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

«ግዕዙ አለቀብዎ እንዴ መሪጌታ፣ ከእኔ ጭቃ ውስጥ ቃል የሚፈልጉት?» ትላቸዋለች።

«ግዕዙስ ሞልቷል፤ ያነሰኝ አማርኛው ነው» ይሏታል።

ዓይናቸው ሲደክም ፊደል ያስቆጠሩት እኔን ነበር። ወንድ ልጅ ጠፍቶ አይደለም፤ ወንዶቹ ፈዛዞች ስለነበሩ ነው። በኩራዝ ብርሃን እሳቸው ታሪኩን በአማርኛ ይላሉ፣ እኔ በደብተር እጽፋለሁ። ልጇ በሰው አገር የቀረባት እናት ታሪክ ላይ ስንደርስ ልቧን የሚገልጹበት ቃል አጡና ሳምንት ሙሉ ቆምን። በመጨረሻ ከእትዬ ብርቄ ዘንድ አገኙት። ላዩን አመድ ለብሶ ውስጡ ገና የሚፋጅ ፍም፣ ሸክላ ሠሪዎች ብቻ የሚጠሩበት ስም ነበረው። እየሳቁ መጥተው ጻፊው አሉኝ።

እኔ ግን አልጻፍሁትም። የሸክላ ሠሪ ቃል በመሪጌታ መጽሐፍ? «እጅግ አዘነች» ብዬ አለፍሁ። ሌላውንም የባላገር ቃል እንዲሁ እየጠረግሁ ጣልሁት፤ መጽሐፉን ያከበርሁ መስሎኝ።

አንድ ምሽት እንግዳ ዲያቆን ደብተሩን እንዲያነብ አደረጉ፤ እትዬ ብርቄንም አስጠርተው እሳቱ ዳር አስቀመጧት። «እጅግ አዘነች» ሲል እጃቸውን አነሡ።

«እስቲ ድገመው።»

ደገመው። እትዬ ብርቄ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። «ቃሌን ዋጡት አይደል? ድሮስ የእኛ ነገር!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ መሪጌታ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጠየቁኝ፤ ተናገርሁ። አልተቆጡም። «ሃያ ዓመት የለቀምሁትን ደፋሽብኝ፣ ልጄ» ብቻ አሉ። እንደገና እንጀምራለን ተባብለን ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ዐረፉ። ኋላም የእትዬ ብርቄ ወገኖች ሁሉ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ማዶው ባዶውን ቀረ።

አሁን የልጄ ልጅ ደባርቅ ተቀምጣ የውጭ አገር ልብ ወለድ ትተረጉማለች። በቀደም መጥታ «እማማ፣ ላዩ የበረደ ውስጡ ግን የሚያቃጥል ኀዘን በአንድ ቃል ምን ይባላል?» አለችኝ።

«ስልክሽን ጠይቂዋ! ከእሱ ሌላ ምን ታነቢያለሽ?»

«እሱማ አያውቀውም። እርስዎ ያውቁት እንደሆነ ብዬ ነው።»

አፌ ላይ ያለ መሰለኝ። የእትዬ ብርቄ ከንፈር ሲንቀሳቀስ፣ መሪጌታ ሲስቁ ይታየኛል፤ ድምፁ ግን የለም። ይህን ሁሉ ዘመን ምላሴ ለስድብ ሰንፎ አያውቅም፤ ለዚያ አንድ ቃል ግን ሞተ። ታሪኩን ነገርኋት። ያገኘሽውን መጽሐፍ ሁሉ አንብቢ፣ መጽሐፍ የሌለውንም ሰው ሳትንቂ ስሚ አልኋት። ራሷን ነቀነቀችና ጽሑፏ ላይ አቀረቀረች።

ማታ የሠራችውን አነበበችልኝ። የኀዘኑ ቦታ ላይ ስትደርስ «እጅግ አዘነች» ብላ አለፈች።

እኔ የምድጃውን አመድ በእንጨት ገለጥ አደረግሁት። ፍሙ ከሥር እንደ ድሮው ቀልቷል። መልሼ አለበስሁት።