አባየን ያስደነገጠ ብርቱካን

ልጄ ሰሞኑን በስልኳ ፖርቱጋልኛ ትማራለች። ምን እንደሚሠራላት እሷ ታውቃለች። ትናንት ማታ «ብርቱካን በነሱ ቋንቋ ላራንዣ ይባላል» ስትለኝ ሳቄ መጣ። ብርቱካን የሚለው ስም እኮ የመጣው ከነሱው አገር ስም ነው! ጣፋጩን ፍሬ የፖርቱጋል ነጋዴዎች ሲያመጡት ዐረቦቹ በአገራቸው ስም «ቡርቱቃል» አሉት፤ ወደኛ ሲሻገር ብርቱካን ሆነ። እነሱ ደግሞ ላራንዣን ያገኙት «ናራንጅ» ከሚለው የዐረብ ቃል ነው።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ። ለአባቴ፣ ለአባየ፣ የነገርኳቸው ቀን ትዝ አለኝ።

ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቼ ዐሥረኛ ክፍል ስማር ነው። አባየ ሆዳቸውን አሟቸው ባሕር ዳር ታይተው ተመልሰዋል፤ የምርመራው ውጤት ግን ገና አልመጣም። አንድ ዐርብ አስተማሪያችን የዚህን ቃል መነሻ ነገረን። አባየ እንዲህ ያለ ወሬ ነፍሳቸው ነው። በማግስቱ ወደ ገጠር ስወርድ፣ ወሬውን ከነፍሬው ላድርስላቸው ብዬ ብርቱካን ገዛሁ። ክረምቱ መውጣቱ ነበር፤ መንገዱ ገና ጭቃ፣ ግራና ቀኙ ገብስ።

አባየ መደቡ ላይ ተቀምጠው የባቄላ እሸት ይፈለፍላሉ። ፌስታሉን ሲያዩ እጃቸው ቆመ። እኛ ዘንድ ያን ጊዜ ብርቱካን ሆስፒታል ለተኛ፣ ያውም ለጠናበት ሰው እንጂ ለሌላ አይገዛም። ይህን እያወቅሁ እንዴት እንደዘነጋሁት!

«ሐኪሞቹ ላንቺ ነገሩሽ?» አሉኝ።

«ኧረ ምንም አልነገሩኝም፣ አባየ!»

«አትደብቂኝ። የንስሐ አባቴን ጥሩልኝ።»

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ፌስታሉን አየችና «ወይኔ ጉዴ!» ብላ ደረቷን ያዘች።

«እንግዲያው ማይልኝ» አሉ አባየ።

የኔ መሐላ ደግሞ «አባቴ ይሙት» ነው። ሌላ ጊዜ ለረባ ላልረባው የምለው ቃል ያን ቀን ከአፌ አልወጣ አለ። አለመማሌን ሲያዩ ፊታቸው ይባስ ዐመድ መሰለ። ፈራሁ፤ በድንጋጤ ልገድላቸው ነው ብዬ ፈራሁ።

የምለው ቢጠፋኝ እያለቀስኩ የቃሉን ታሪክ ዘረገፍኩት፤ ነጋዴዎቹን፣ ዐረቦቹን፣ ሁሉንም። አባየ ዓይን ዓይኔን እያዩ አዳመጡ።

«እነዚያ ድልድይ ሠሩ የሚባሉት ፖርቱጋሎች?»

«አዎ፣ እነሱ!»

«ይህን የመሰለ ውሸትስ ካንቺ አይወጣም» ብለው ሳቁ። «በይ ላጪልን።»

እናቴ እንባዋን ጠርጋ ቢላዋ አመጣች። ቤቱ በልጣጩ ሽታ ታወደ።

ውጤቱ ደህና ሆኖ መጣ፤ ጨጓራ ነው ተባለ። አባየም ብዙ ዘመን ኖሩ። በመጨረሻ የምር ሲተኙ፣ ጠያቂው ሁሉ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ እሳቸውም «ስሙ የፖርቱጋል ነው» እያሉ ለመጣው ሁሉ ይተርካሉ። ሐኪሞቹ ምን እንዳሉን ግን አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ማይልኝም አላሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ወጣ ብዬ ብርቱካን ገዛሁ። ጎረቤቴ ፌስታሉን አይታ «ምነው፣ ማን ታሞባችሁ ነው?» አለችኝ።

«ማንም አልታመመ» አልኳት። «አባየ ናፍቀውኝ ነው።»