ልጄ ደብተሩ ላይ የለችም

«እህቴ፣ ይቺ ልጅ የጤና መድን ደብተራችሁ ላይ የለችም» አለችኝ ዛሬ ጠዋት የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሠራተኛ።

የአራት ወሯ ልጄ እቅፌ ውስጥ በትኩሳት ትንቀጠቀጣለች። ከመካኒሳ ጀምሮ ታክሲ ውስጥ ስሟን ብጠራም ዓይኗን አልገለጠችም። ባሌ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ያለዚያ ደብተር ማሳከሚያ የለንም።

ደብተሩን ተቀብዬ አገላበጥኩት። እኔ አለሁ፣ ባሌ አለ፣ ትልቁ ልጄ አለ። ከቤታችን ከወጣ ሦስት ዓመት ያለፈው የባሌ ወንድም እንኳ ከረባት አስሮ ፎቶው ላይ ፈገግ ብሏል! እሷ ብቻ የለችም።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ለደብተሩ እድሳት ቤት ለቤት ሲዞሩ የጤና ኤክስቴንሽኗ «ሕፃኗንም ላስገባት?» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ክርስትና ሳትነሳማ ስሟን አላስጽፍም፤ ሰማንያ ቀኗ ይድረስ» አልኳት። ሰማንያዋ ደረሰ፣ ክርስትናው ተደገሰ፤ ደብተሩን ማን አስታውሶት!

«ስሟን ማን ልበል?» ስትለኝ ልጄን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረግኳት። ሠራተኛዋ ቀና ብላ የልጄን ፊት አየችና «የደብተሩ ነገር ይደርሳል፣ መጀመሪያ ልጅቷ!» ብላ ነርስ ተጣራች። ነርሷ ልጄን ከእጄ ነጥቃ ሮጠች።

አሁን ትኩሳቷ በርዶላት አጠገቤ ተኝታለች። እኔ ግን ደረቷ ከፍ ዝቅ ማለቱን ማየት ማቆም አልቻልኩም። ሌላ ሠራተኛ ብትሆንስ ኖሮ?

እናንተስ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ። ግን መጀመሪያ ተነሱና ደብተራችሁን ከሳጥን አውጡት። ልጆቻችሁን በስማቸው እየጠራችሁ አንድ በአንድ ፈልጓቸው።