ለልጄ የታዘዘላት ፀሐይ

ባለቤቴ ለሥራ ጅዳ ስትሄድ ልጃችን ገና መቀመጥ የለመደች ሕፃን ነበረች። ሐይቅ ከተማ፣ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ልብስ እሰፋለሁ፤ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋችን አለ። ዘመዶቼ አምባሰል ገጠር ስለሆኑ ልጅቷን የሚይዝልኝ አልነበረም። እኔ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ እሷ መስኮቱ ስር ፍራሽ ላይ ሆና በቁርጥራጭ ጨርቅ ትጫወታለች። ዓይን እንዳያርፍባት እየፈራሁ ወደ ውጭ ብዙም አላወጣትም። ደንበኛ ሲሄድ ቤቱ ጭር ይላል።

ዓመት ከመንፈቅ ሆኗትም አልቆመችም። ደግፌ ሳቆማት እግሮቿ ይጎብጣሉ፣ ታለቅሳለች። ጤና ጣቢያ ብወስዳት ወደ ደሴ ላኩኝ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ፣ “እናቷስ?” አሉኝ። “ዐረብ አገር ናት” ስላቸው ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

ደሴ ያያት ሐኪም የማይቸኩል ሰው ነበር። የእጇን አንጓ ዳሰሰ፣ ጎኗን ዳሰሰ፣ ራጅ አስነሳት።

“ፀሐይ ታሞቃታለህ?”

“አዎ ዶክተር፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ስር ነው የምትውለው።”

“መስታወት አለው?”

“አለው።”

“በመስታወት ያለፈ ፀሐይ ለዚህ አይረባትም። ቫይታሚን ዲ አንሷታል፤ አጥንቷ የለሰለሰው ለዚያ ነው።”

“ትሄዳለች?” አልኩት።

“ትሄዳለች። ጠብታ አዝዝላታለሁ። በቀን አንዴ፣ በጻፍኩልህ ልክ ብቻ። ቶሎ ትዳን ብለህ እንዳትጨምር፣ ሲበዛ ይጎዳታል። እንቁላልና ወተት አትርሳ። ጠዋት ጠዋት እጅና እግሯን ገልጠህ ደጅ አውጣት። ከዚያ መልሰህ አምጣት፣ አያታለሁ።”

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ጠብታውን አፏ ውስጥ አደርግላትና ደጃፍ ላይ ታቅፌያት እቀመጣለሁ። ዓሣ የያዙ ሰዎች ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ። ጎረቤቴ፣ “ኧረ ሸፍናት ወንድሜ!” ትለኛለች። “ሐኪም አዞ ነው” እላታለሁ። ወሬያችን በዚሁ ያልቃል። ሁሉም ወደ ሥራው ሲሄድ ስለ እናቷ አወራላታለሁ፤ ገና መናገር ስላልጀመረች አፍ አፌን ታያለች።

ባለቤቴ የምትደውለው አርብ አርብ ነው፤ እኔ የምደውልበት ቁጥር የለኝም። የሐኪሙን ነገር ስነግራት፣ “ልምጣ?” ብላ አለቀሰች። ፓስፖርቷ አሠሪዎቿ እጅ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

ክረምት ሲገባ ፀሐዩ ጠፋ፤ ጠብታውን ቀጠልን። ሐኪሙም መልሶ አይቷት፣ “እየጠነከረች ነው” አለኝ። መስከረም ላይ አንድ ቀን የስፌት መኪናውን እግር ይዛ ቆመች። ከዚያ ለቀቀችውና ወደ እኔ ተራመደች። ለሰው ለመንገር ብድግ ብዬ ዞር አልኩ። የምጠራው ሰው አልነበረም። እስከ አርብ ጠበቅሁ።

“ሄደች” አልኳት።

“አልሐምዱሊላህ!” ብላ ጮኸችና ወዲያው ድምፅዋን ቀነሰች። “በየትኛው እግሯ ጀመረች?”

አላስተዋልኩም ነበር። “በቀኟ” አልኳት።

“እስቲ ደግመህ ንገረኝ” ስትለኝ ስልኩ ተቋረጠ። መልሳ ትደውል እንደሆን ብዬ ልጅቷን ታቅፌ ብጠብቅ አልደወለችም። የልጄ እግሮች እየዋለ እያደረ ተቃኑ። እናቷ አገር ስትገባ ግን ልጅቷ ብቻዋን ትምህርት ቤት ሄዳ የምትመለስ ሆና ነበር።