ይበልጣል ዓሣ የበላ ዕለት

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ዓሣ ቤት ተከፍቷል። ድሮ ቢሆን ማን ያምን ነበር! የጣናውም የቆጋውም ዓሣ በበረዶ ታሽጎ በሚኒባስ ይመጣል፤ ዘይቱ መንጫጫት ሲጀምር ሽታው አስፋልቱን ተሻግሮ መኪና የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ ይጣራል። ባለፈው ሳምንት እኔም የቡሬው መኪና እስኪሞላ ብዬ ገባሁና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ከፊት ለፊቴ አንዲት ወጣት እናት ልጇን ለማብላት ትታገላለች። ስልኳን የውሃ ጠርሙስ ላይ አስደግፋ ካርቱን ከፍታለታለች፤ ልጁ በምስሉ ፈዝዞ አፉን ሲከፍት ጠብቃ ቁራሽ ዓሣ ሸጎጥ ታደርግለታለች፣ እሱም ድንገት ይነቃና ይተፋዋል። ደግማ ትሸጉጣለች፣ ደግሞ ይተፋል። ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ደግሞ አስተናጋጇ "እትዬ፣ ምን ልታዘዝ?" ስትለኝ ሳላስበው ዳቦ አዘዝኩ። ወንድሜ ትዝ ብሎኝ ነው።

ወንድሜ ይበልጣል የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነው። አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ እንደሱ ያለ ምግብ መራጭ በዚያ ከተማ የተፈጠረ አይመስለኝም። እማዬ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ይበላል፣ ወተት ይጠጣል፤ ከዚያ የተረፈውን እህል ሁሉ እንደ ጠላቱ ነበር የሚያየው። ጎረቤት ጠርቶን ስንሄድ ገና ከደጅ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ይገባል። ሰው ሁሉ "በሞቴ! አፈር ስሆን!" እያለ ጉርሻ ሲዘረጋለት ጭንቅላቱን እማዬ ቀሚስ ውስጥ ይቀብራል፣ እሷም ተሳቅቃ "ሆዱን አሞት ነው" ትላለች። በየድግሱ፣ በየማኅበሩ፣ በየክርስትናው ሆዱን ያመዋል። ኋላማ ጎረቤቶቻችን ከልባቸው አዝነው ጠበል ውሰጂው እያሉ ይመክሯት ጀመር። እሷ ደግሞ የቡሬ አገው ናት፤ ባደገችበት ቤት የቀረበለትን ሳይቀምስ የሚነሣ ሰው ባለቤቱን እንደሰደበ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ልጇን ይዛ ሰው ቤት መግባት ጭንቋ ነበር። እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን አስገድዳው አታውቅም።

አባባን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ጥሩወርቅ ናት። እናትና አባታቸው ገና በልጅነታቸው ሞተውባቸው፣ እሷው ራሷ ሳትጠነክር ለሰው ጠላ እየጠመቀች አስተምራዋለች። ኋላ ጣና ዳር፣ ቁንዝላ አገባች፤ ባሏ ወደቡ ላይ ይሠራል፣ ኑሯቸውም ደህና ነው፣ እግዜር ግን ልጅ አልሰጣቸውም። በእኛ አገር እንዲህ ላለችው እህት ልጅ ይሰጣል። ማንም አፍ አውጥቶ ልጅ ስጡኝ አይልም፤ መጥታ ትሰነብታለች፣ ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ "ይኸ እንኳ የኔ ነው" ትላለች፣ ቤተሰቡ ይስቃል፣ የገባው ግን ገብቶታል። አባባም ቃል ሰጠ። ያለ እሷ ሰው አይሆንም ነበርና እምቢ የሚልበት አንደበት ከየት ያምጣ!

እማዬም እምቢ አላለችም። እሷ ግን ሞኝ አይደለችም። ለአክስቴ ቡና እየቀዳች፣ ቀና ሳትል፣ "እታለም፣ ልጁ የእርስዎ ነው፣ እኔ ምን ከፋኝ" አለቻት፤ "የሰው እጅ እህል ከበላ ይቅርልዎ። ካልበላ ግን በረሃብ እንዳይሞትብዎ ይዤው ልመለስ።" ይኼን ማን ይቃወማል? አባባ ተስማማ፣ አክስቴም ራሷን ነቀነቀች። እማዬ ጀበናውን ይዛ ጓዳ ስትገባ ተከትያት ነበር፤ ፈገግ ብላለች። ይበልጣል የሰው እጅ እህል ሊበላ! እንዲህ ያለ ነገር ታይቶም አይታወቅ። እኔም ዘጠኝ ዓመቴ ነበርና ነገሩ ሁሉ ገብቶኛል፤ የወንድሜ አፍ እንደተዘጋ እንዲቆይ ለማርያም ሻማ ተሳልኩ።

ትምህርት ቤት ለጥር እረፍት ሲዘጋ ልጁን ይዘን ወደ ቁንዝላ ተነሣን። አባባ ፈቃድ ከለከሉኝ ብሎ ቀረ፤ ዛሬ ሳስበው የከለከለው መሥሪያ ቤቱ አይመስለኝም። እማዬ ስንቅ ስታሰናዳ ሰንብታለች፤ በትልቁ አገልግል ድፎውን ቆራርሳ ሞላች፣ ዳቦ ቆሎ ጨመረች፣ በጠፍር ጥርቅም አድርጋ አሰረችው። ለመሄጃም ለመመለሻም ይበቃል። ለመመለሻው ስታስብ የይበልጣልንም ድርሻ አብራ እንዳሰበች አውቃለሁ።

አክስቴ ባሕር ዳር ድረስ መጥታ ተቀበለችን፤ በማግስቱ ማለዳ መርከቡ ላይ ወጣን። ለእኔ፣ ከፍኖተ ሰላም ገበያ የራቀ ነገር አይቼ ለማላውቀው፣ ያ መርከብ ራሱን የቻለ ከተማ ነበር። ወለሉ ከእግሬ በታች ይንቀጠቀጣል፤ የናፍጣው ሽታ ከጌሾው ማዳበሪያና ከሎሚው ቅርጫት ጋር ተደባልቆ ራስ ያዞራል፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ከወንበሩ ስር ይንጫጫሉ፣ ከዳር የደንገሉ ሣር ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ውሃው መሐል ስንገባ ደግሞ አፈ ረጅም ነጫጭ ወፎች እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ተሰብስበው ያዩናል። ይበልጣል ከደስታው ብዛት አንድ ቦታ መቆም አቅቶት ይሯሯጣል። አክስቴ ዓይኗን ከሱ አታነሣም፤ ልትይዘው እጇን ትዘረጋና መልሳ ትሰበስበዋለች።

ዘጌን ካለፍን በኋላ "ዳቦ" አለ። እማዬ አገልግሉን ፈታች፤ ሰው መሐል ፈትቶ ለብቻ መብላት ነውር ነውና ግራ ቀኟን እያየች "እንብላ!" አለች። እኛ ዘንድ "እንብላ" የተባለ ሰው "ብሉ፣ ይባርክላችሁ" ብሎ ፊቱን ያዞራል፤ ደጋግመው ሲያስቸግሩት ነው አንድ ቁራሽ የሚያነሣው። ጣና ላይ ግን ወጉ ሌላ እንደሆነ ማን ይንገራት! የመርከብ መንገደኛ ስንቁ የጋራ ነው፤ አንዱ የፈታው ተበልቶ ሲያልቅ የሌላው ተራ ይደርሳል። እንብላ ስትል "እሺ፣ እግዜር ይስጥልን" አሉና ከበቡን። ጌሾ ነጋዴዋ ሴትዮ ቀሚሷን ሰብስባ ቁጭ አለች፣ ወደ ደቅ ደሴት የሚመለሱ አንድ መነኩሴ አገልግሉን ባረኩ፣ መርከበኞቹ ሳይቀሩ እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠራረጉ መጡ። የድፎው ሙያ ተደነቀ፣ የጋገረች እጅ ተመረቀች። እማዬ ፊቷ ክስም እያለ "ብሉ፣ ኧረ ብሉልኝ" ትላለች፤ ሌላ ምን ትበል? ይበልጣል ያቺን የመጀመሪያ ቁራሹን ገምጦ ወፎች ሊያይ ሮጦ ሄደ፤ ሲመለስ አገልግሉ ባዶ ነው። የተረፈውን ፍርፋሪ መነኩሴው ለወፎቹ በትነውታል።

ቀትር ሲሆን ራበው። "ዳቦ!" ይላል፣ ዳቦ የለም። አለቀሰ። ያን ጊዜ ተራው የነሱ ሆነና ሁሉም ያለውን ፈታ፤ አክስቴም ከዘንቢሏ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ አወጣች፣ በሚጥሚጣ የታሸ፣ ጠርዙ እንደ ቆሎ የሚንኮሻኮሽ። የልጁን ዳቦ እንደጨረሱበት ሲገባቸው መርከቡ በሙሉ ይበልጣልን ካላበላን ብሎ ተነሣ። ጌሾ ነጋዴዋ ዓሣውን አፉ አጠገብ እያንሳፈፈች "ጎንደር ላይ ንጉሡ የሚበላው ይኼን ነበር፣ የኔ ጌታ" ትለዋለች። ጎንደርንም ንጉሡንም አያውቅም። አንዱ መርከበኛ ቁራሹን በአየር ላይ እንደ ጀልባ እየነዳ በአፉ "ድድድድ" ይላል፤ ልጁ በእንባው መሐል ሳቀና ጀልባው ሲጠጋ አፉን ገጠመ። መነኩሴው በመስቀላቸው ባርከው ሰጡት፤ መስቀሉን ሳመ፣ ዓሣውን ገፋ። "እንዴ፣ ይኼ ልጅ ጾመኛ ነው!" አሉ፣ ሳቅ ሆነ። እኔ በሆዴ ጎበዝ፣ ጎበዝ የኔ ወንድም እላለሁ። ቁንዝላ ሩቅ አይደለም፣ እስከዚያ ከቻለው በቃ፣ የኛ ነው።

አክስቴ ብቻ ነች ያላስገደደችው። እሾሁን አንድ በአንድ የለቀመችለትን ቁራሽ መዳፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች፣ አትዘረጋውም። ያኔ እንኳ፣ በዚያ ክፉ ልቤ፣ አሳዘነችኝ። እማዬ ደግሞ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ወደ ውሃው ዞራለች። ዓሣ ቀምሳ አታውቅም፤ ሽታው ራሱ ያቅለሸልሻታል፣ ስሙንም ስትጠራ "ያ ጢማም" ነው የምትለው። ምንም ማድረግ አያስፈልጋትም ነበር። እንደዚያ ዞራ ብትቆይ፣ ዝም ብትል፣ ልጇን ይዛ ትመለሳለች።

ከዚያ ይበልጣል ማልቀሱን ተወ። መጥቶ ጭኗ ላይ ተጋደመና፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ቀስ ብሎ "እማ፣ ሆዴ" አላት። እንደ ድሮው አልነበረም፤ እውነት አሞታል፣ ርሃቡ አሞታል። እማዬ ቁልቁል አየችው። ብዙ ጊዜ አየችው። ነጠላዋን ከአፍንጫዋ ላይ አነሣች፣ ከአክስቴ መዳፍ ላይ ቆረሰችና አፏ ውስጥ ጨመረች። ፊቷ ተጨማደደ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ዋጠችው። "አየህ?" አለችው፤ "ይጣፍጣል።" እማዬ ዋሽታ የሰማኋት ያን ቀን ነው፤ የሆድ ሕመሙን ካልቆጠርንባት።

ደግማ ቆረሰች። እሾህ እንዳይኖረው በጣቶቿ መሐል አድቅቃ ፈተሸች፣ ወደ አፉ አስጠጋችና "በሞቴ፣ ይበልጣል። አፈር ስሆን" አለችው። ሰው ሁሉ ሲለው የኖረውን እሷ ግን ብላው አታውቅም ነበር። ልጁ አፏን አየ፣ እጇን አየ፣ አፉን ከፈተ። ጎረሰ። አኘከ። ዋጠና ከንፈሩን ላሰ፤ "ድገሚኝ!" አላት።

እልልታው ቀለጠ! ጌሾ ነጋዴዋ ብድግ ብላ እስክስታ ወረደች፣ መርከበኛው አጨበጨበ፣ መነኩሴው "ተመስገን" አሉ። ስለ ምን እልል እንደሚሉ አያውቁም እኮ። አክስቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትንሰቀሰቃለች። እማዬ አላለቀሰችም፤ ልጇ በቃኝ እስኪል ድረስ እየቆረሰች፣ እየፈተሸች፣ ስታጎርሰው ቆየች። ጠግቦ ሲያበቃ ፊቱን ወደ አክስቴ አዞረችውና "በል፣ ከእትዬ እጅ ደግሞ አንድ" አለችው። ከእሷም ጎረሰ። እኔ ብቻ ከወንበሩ ስር ከዶሮዎቹ ጋር ገብቼ አለቀስኩ፤ ማርያምንም ተቀየምኳት።

ቁንዝላ ጥቂት ቀን ሰነበትን። ይበልጣል አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው ጠፋ፤ ዓሣውንም ሽሮውንም ያገኘውን ሁሉ ይበላ ጀመር። የተመለስን ዕለት ወደቡ ላይ አክስቴ ታቅፋው ቆማ፣ እሱ እጁን ይወዘውዝልናል፣ አፉ ሙሉ ነው፣ አያለቅስም። መርከቡ ላይ አንድ ሰውዬ ስንቁን ፈትቶ "እንብላ" ሲለን፣ እማዬ ባዶውን አገልግል ጭኗ ላይ አድርጋ "ሆዴን አሞኛል" አለችው።

ወንድሜ ደህና አደገ። የራሱ ጀልባ አለው፣ ሚስትና ልጆች አሉት፣ አክስቴንም በደንብ ጦሮ ቀብሯታል። ለዓመት በዓል ሲመጣ ስጦታው ብዙ ነው፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ እናታችንን "እርስዎ እንዴት ሰነበቱ?" ይላታል። አክስቴን እስክትሞት እማዬ እያለ አንቺ ይላት ነበር። አይፈረድበትም፤ ጨዋ ልጅ ነው። እኔ ግን አብሬው የምጣላው፣ የማሾፍበት፣ ዳቦ የምነጥቀው ወንድም አላገኘሁም፤ በዚያ ቤት ብቻዬን አደግሁ። እንዲህ ከበሬታ ያለው ዝምድና ዕድሜ ልክ ቢቀጥል እንኳ አንድ የልጅነት ጠብ አያህልም፣ ይኸው ዛሬም ድረስ ያናድደኛል።

እማዬ አርጅታለች፣ ዓይኗ ደከም ብሏል። በቀደም፣ ይበልጣል ነገ ይመጣል በተባለበት ቀን፣ ጓዳ ውስጥ ስትንጎዳጎድ አገኘኋትና በሆዴ የያዝኩትን ጠየቅኳት።

"እማዬ፣ ያን ዕለት መርከቡ ላይ ዝም ብትዪ ኖሮ ይዘነው እንመለስ ነበር። ለምን አጎረስሽው?"

አንድ ነገር እንደጎደለኝ ሁሉ ትክ ብላ አየችኝ።

"ምን ያለ ጥያቄ ነው? ርቦት ነበራ!"

ወደ ሥራዋ ዞረች። አንዱን ቅል ታነሣለች፣ ሌላውን ትከድናለች፣ ትቆማለች፣ መልሳ ትከፍታለች። በመጨረሻ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ፣ ወደኔ ሳታይ፣

"እስቲ ለሚስቱ ደውዪልኝ" አለችኝ። "ምን እንደሚወድ ጠይቂልኝ።"