ሁለት ድስት በአንድ ማድቤት

ዐሊማ በሺር ኮምቦልቻ ውስጥ፣ የአሰብ መንገድ ሹፌሮች በሚያርፉበት ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበረች። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው ሥራ ነው። ማድቤቱ በግንብ ተከፍሎ በአንዱ ወገን እሷ የእስላሙን ሥጋ፣ በሌላው ወገን ሥርጉት የምትባል የኩታበር ሴት የክርስቲያኑን ይሠራሉ። ለዓመታት በግንቡ ላይ የተመላለሰው ንግግር "እንጨቴን ማን ነካው?" ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ቤቱ ከተወረሰ በኋላ፣ በሰባ ሁለት ዓ.ም. ደምመላሽ የሚባል አስተዳዳሪ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ መላ በተገኘለት። ሐሳብ ያለው ሰው ነበር። ግንቡን አስፈረሰና ሁለቱን ሴቶች ጠራ።

"ከዛሬ ጀምሮ አንድ ድስት፣ አንድ ሥጋ። የሰፊው ሕዝብ ሆድ አንድ ነው።"

"የምን ሥጋ?" አለች ዐሊማ።

"የበሬ ነዋ።"

"በሬነቱንማ አላጣሁትም። ማን ያረደው ነው የምልዎት፣ ጓድ።"

"ቄራ ያረደው።"

"ቄራውም ሁለት በር አለው" አለች ሥርጉት መሬት መሬት እያየች።

"ያልተስማማው ሥራውን ይልቀቅ" ብሎ ወጣ።

ዐሊማ ብትለቅ ልጆቿ ጦማቸውን ሊያድሩ ነው። ብትሠራ ደግሞ ሹፌሩ እሷን አምኖ የማያውቀውን ሥጋ በልቶ ሊሄድ ነው። "ወላሂ፣ በእጄ ያመነን ሰው አላታልልም" አለች። ሥርጉትም የእስላም ሥጋ አልነካም አለች። ረፋዱ በክርክር አለቀ፤ ሹፌሮች ጠረጴዛ ይደበድባሉ፣ ድስቱ ባዶ ነው። በንዴት ሽሮ ጣዱ። ብልሃት አልነበረም፤ ሁለቱም ወገን የሚበላው ሌላ ነገር ስላጡ ነው። በማግስቱም ሽሮ። ከዚያ ምስር።

ሕዝብን አንድ እናደርጋለን የሚሉ ሰዎች በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ። ግንብ ማፍረስ ሁሉም ያውቁበታል፤ ምሳውን ያሰበ ግን አልገጠመኝም። ሹፌሮቹ ወደ ጎረቤት ምግብ ቤት መዞር ጀመሩ። ደምመላሽ ራሱ ከምስሩ ጋር ሲታገል ሰንብቶ፣ "በዚህ ቤት ፋሲካ አይገባም እንዴ?" አለና ሁለት ድስት ፈቀደ። የፈረሰውን ግንብ መልሶ የሚያቆም ሲሚንቶ ግን በአገሩ ጠፋ።

ሴቶቹ እንዲሁ ፊት ለፊት ቀሩ፤ ምሬቱም ባሰ። ያንዷ ጭስ የሌላዋን ዓይን ያቃጥላል፤ ቢላዋ ይቀላቀላል። ዐሊማ ቢላዋዋ ላይ ቀይ ክር ብታስር ሥርጉት "ልትድሪው ነው?" አለቻት።

ረመዳን ገባ። ዐሊማ ጾመኛ ናትና ወጥ አትቀምስም፤ ለማፍጠሪያ የሚመጡት ሹፌሮች ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ እያሉ በየዓመቱ ያንገሸግሿት ነበር። አንድ ቀን ቁሌቱን ስታማስል ሥርጉት የራሷን ማንኪያ ይዛ መጣች።

"ምን ፈለግሽ ደግሞ?"

"ሥጋው ሳይገባ ልቅመስልሽ። ሽንኩርቱን እንደሆነ ማንም አላረደው።" ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። "ሰዉን ይህንን ነው ስታበይው የኖርሽው?"

"ያንቺን ያላየን ይመስል" አለች ዐሊማ። ጨዉን ግን ጨመረች። ወሩን ሙሉ እንዲያ ሆነ፤ የሚቀጥለውም ዓመት።

ጡረታ ወጥታ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ልጇ ዘንድ ስትኖር ጠየቅኳት። "እትዬ ዐሊማ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን ማድቤት ምን አተረፉ?"

"ጭስና ያችን ጨቅጫቃ" አለችኝ። "ዛሬም ከኮምቦልቻ ልትጨቀጭቀኝ እየመጣች ነው። ይነሱ እስቲ፣ ወንበሩን ይልቀቁላት።"